ረኃብና ደዌ፦ አዲስ የተገዛውን ቧንቧ ዓሣ ለይቶ ስለ ማቆየትና ስለ መመገብ የቀረበ ዳሰሳ

የባሕር ዓሦችን በመስተዋት ገንዳ ሰብስቦ በቤት ውስጥ ማኖር ልማድ ከሆነ ወዲህ ባለቤቶቹን ከሚያከራክሩት ጥያቄዎች አንዱ፣ ከነጋዴ እጅ ገና የወጣው እንግዳ ዓሣ ከነባሮቹ ጋራ ወዲያው ይቀላቀል ወይስ በተለየ ገንዳ ለብቻው ተቀምጦ ጤንነቱ ይመርመር የሚለው ነው። ለብዙዎቹ የዓሣ ወገኖች ይህ ጥያቄ መልስ ካገኘ ቈይቷል፤ ለይቶ ማቆየቱ እንደሚሻል ልምድ ያላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ተስማምተውበታል። ዳሩ ግን ነገሩ ፓይፕፊሽ ወደሚባለው፣ እኛም በዚህ ጽሑፍ መልኩን አይተን ቧንቧ ዓሣ ወደምንለው ቀጭን ፍጥረት በደረሰ ጊዜ ስምምነቱ ይፈርሳል፤ ምክንያቱም ይህ ዓሣ ለብቻው በተቀመጠበት ንጹሕ ገንዳ ከደዌ ተርፎ በረኃብ ሊሞት፣ ሲሳይ በሞላበት በነባሩ ገንዳ ደግሞ ከረኃብ ተርፎ በደዌ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የዚህ ዳሰሳ ዓላማ የዓሣውን ባሕርይ፣ ከባሕር እስከ ቤት የሚያልፍበትን መንገድ፣ ስለ መለየትና ስለ ማከም የተነሡትን ልዩ ልዩ አሳቦች፣ እንዲሁም የአመጋገቡን ሥርዓት በየተራው መርምሮ፣ በመጨረሻ ከሁለቱ ጠላቶች የትኛው አስቀድሞ ሊመከት እንደሚገባ ፍርድ መስጠት ነው።

ቧንቧ ዓሣ ከባሕር ፈረስና ከባሕር ዘንዶ ጋራ ሲንግናቲዴ በሚባለው አንድ ቤተ ሰብ ይቈጠራል፤ የቤተ ሰቡ ዐይነቶች በጠቅላላው ወደ 300 የሚጠጉ ሲሆኑ ከነዚህም የሚበዙት ቧንቧ ዓሦች ናቸው። ጥንታዊው ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፍ በመውለጃው ጊዜ ሆዱ ተሰንጥቆ ዕንቍላል ስለሚወጣበት ዓሣ ያወሳ ሲሆን፣ የኋላ ሊቃውንት ይህንን ቃል ለቧንቧ ዓሣ ይሰጡታል፤ ፅንሱን ተሸክሞ የሚያሳድገው እናቲቱ ሳትሆን አባትየው መሆኑ ግን በትክክል የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ሲንግናቱስ የሚለውን የወገን ስም በሳይንስ መዝገብ አገባ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የኤድዋርድ ሩፔል ታሪክ ነው፤ ይህ የፍራንክፈርት ተወላጅ በ1831 በምጽዋ በኩል ገብቶ እስከ ስሜንና እስከ ጎንደር የዘለቀ፣ ዋልያንና ጭላዳንም ለአውሮፓ ሳይንስ ያስታወቀ መንገደኛ ሲሆን፣ ስለ ሐበሻ አገር እንስሳት በየክፍሉ ባሳተመው መጽሐፉ ከቀይ ባሕር የተገኘውን ባለ ቢጫ መስመር ቧንቧ ዓሣ በ1838 ገልጾታል። ዛሬ ኮሪቶይክቲስ በሚባለው ወገን የሚመደበው ይህ ዓሣና ዘመዶቹ በአኳሪየም ንግድ ውስጥ በሰፊው ከሚሸጡት መካከል ናቸው።

የዚህ ዓሣ ችግር ሁሉ ከአፈጣጠሩ ይጀምራል። ሰውነቱ በቅርፊት ፈንታ እርስ በርሳቸው በተያያዙ የአጥንት ቀለበቶች የተከበበ ስለ ሆነ እንደ ሌሎቹ ዓሦች ወገቡን እያወዛወዘ መፍጠን አይችልም፤ የሚገፋውም በጀርባው ላይ ያለችው ቀጭን ክንፍ ስትርገበገብ ብቻ ነው። መንጋጋዎቹ ተገጣጥመው ረዥም ቱቦ ሆነዋል፤ በአፉም ጥርስ የለም። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ጨጓራ የሌለው መሆኑ ነው፤ የዋጠው ምግብ በቀጥታ ወደ አጭር አንጀት ያልፋልና ለነገ የሚያስቀምጥበት ስፍራ የለውም። ጎተራ የሌለው ገበሬ ከማሳው የዕለቱን ካላገኘ በዚያው ዕለት እንደሚቸገር፣ ይህም ዓሣ ከንጋት እስከ ምሽት ጥቂት በጥቂት ካልለቀመ ሥጋው ይመነምናል። በባሕር ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚለቃቅመው ኮፔፖድ፣ አምፊፖድና ማይሲስ የሚባሉትን በዐይን ለማየት እንኳ የሚያስቸግሩ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ የሚሉ ሽሪምፕ መሰል ፍጥረታት ነው።

አበላሉን በመስተዋቱ አጠገብ ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው የነገሩን ክብደት ይረዳል። ዓሣው በመጀመሪያ አንዱን ዐይኑን ብቻ ያዞራል፤ ሁለቱ ዐይኖቹ እየራሳቸው የሚንቀሳቀሱ ናቸውና አንዱ የቀረበውን ሰው ሲጠብቅ ሌላው በድንጋዩ ላይ የምትሳበውን ነጥብ ይከተላል። ከዚያም ሰውነቱን ሳያናውጥ ይቀርባል፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ የቱቦውን ጫፍ ከነጥቢቱ በታች ያደርሳል፤ በዚያም ይቆማል። ነጥቢቱ ካልተንቀሳቀሰች ብዙ ጊዜ ትቷት ያልፋል፤ ከተንቀሳቀሰች ግን ራሱ በቅጽበት ወደ ላይ ይወረወራል፤ አፉም ውኃውን ከነታዳኟ ወደ ውስጥ ይስባል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሺኛ የሰኮንድ ክፍል ውስጥ ይፈጸማል። ከዚህም ሁለት ነገር እንማራለን፤ አንደኛ፣ ይህ ዓሣ መርጦ የሚበላ እንጂ የወደቀለትን ሁሉ የሚያነሣ አይደለም፤ ሁለተኛ፣ ከመምታቱ በፊት ብዙ የሚያስብ በመሆኑ ፈጣን ዓሦች ባሉበት ማእድ ሁልጊዜ ጦሙን ያድራል።

በደዌም በኩል ቢሆን ሁኔታው የሚያስተማምን አይደለም። በአውሮፓ ባሕሮች በሚኖረው ሲንግናቱስ ቲፍሌ በተባለው ቧንቧ ዓሣ ላይ ተደርጎ በ2013 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ በአብዛኞቹ ባለአከርካሪ እንስሳት ሰውነት ባዕድ ተሐዋስያንን ለይቶ እንዲያውቅ ከሚረዱት መንገዶች አንዱ፣ ማለት ኤም ኤች ሲ ሁለት የሚባለው ሥርዓት፣ ከዚህ ዓሣ ጠፍቷል። ይህም ዓሣው መከላከያ አልባ ነው ማለት አይደለም፤ በባሕር ውስጥ ዘሩን ተክቶ መኖሩ ሌላ መከላከያ እንዳለው ይመሰክራልና። ነገር ግን በጠባብ ውኃ፣ ከሌላ ባሕር ከመጡ ዓሦች ጋራ ተጨናንቆ፣ ሥጋውም በጾም ደክሞ ሳለ፣ ጤነኛ ዓሣ በቀላሉ የሚያልፈው ተሐዋሲ እርሱን ይጥለዋል። በተለይ ቪብሪዮ የሚባለው የባክቴርያ ወገን የአፍንጫ መሰሉን ቱቦ ጫፍና ጅራቱን ሲያበሰብስ በብዛት ይታያል፤ አፉ የቈሰለ ቧንቧ ዓሣ ደግሞ ምግብ ስቦ ማስገባት ስለማይችል ደዌው ወዲያው ረኃብ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱ ጠላቶች በየበራቸው የሚመጡ ሳይሆኑ አንዱ ለሌላው በር የሚከፍቱ ናቸው።

ወደ ቤት የሚደርስበትም መንገድ ለሁለቱም ጠላቶች የተመቸ ነው። በገበያ ከሚታዩት ቧንቧ ዓሦች የሚበዙት በኢንዶኔዥያና በፊሊፒንስ ባሕሮች የተያዙ ናቸው፤ ከአጥማጁ ወደ ሰብሳቢው፣ ከሰብሳቢው ወደ ላኪው፣ በአውሮፕላን ወደ ሩቅ አገር አስመጪ፣ ከአስመጪው ወደ ችርቻሮ ሱቅ ሲሸጋገሩ በየማረፊያው የሚያገኙት ምግብ ለአፋቸው የማይስማማ ወይም ከነጭራሹ የሌለ ነው። የባሕር ፈረስ ዐይነቶች ሁሉ የዱር እንስሳትን ንግድ በሚቈጣጠረው በሳይቴስ ውል ከ2004 ጀምሮ የተመዘገቡ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ቧንቧ ዓሦች ግን በዚህ ጥበቃ ውስጥ ስላልገቡ የንግዳቸው መንገድ ያን ያህል አይመረመርም። እንግዲህ ገዥው በሱቁ መስተዋት ፊት ሲቆም የሚያየው ዓሣ ለሳምንታት የጾመ ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ከራሱ ቀጥሎ ያለው ሆድ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ፣ የአጥንት ቀለበቶቹ ጠርዝ ከተሾለ፣ የአፉ ጫፍ ከቀላ ወይም ከነጣ፣ ትንፋሹም ከተፋጠነ፣ መግዛቱ ምሕረት ቢመስልም ጥፋቱ ያመዝናል። ሻጩን በፊትህ አብላው ብሎ መጠየቅ፣ ካልበላም ለጥቂት ቀን ሱቁ ውስጥ ይቆይ ማለት ነውር የለበትም።

ከሱቅ ወይም ከአውሮፕላን ጣቢያ ያመጡትን ዓሣ ወደ አዲሱ ውኃ ስለ ማስገባት ሁለት ልማድ አለ። አንደኛው የገንዳውን ውኃ በቀጭን ቱቦ ጠብ እያደረጉ ለአንድ ሰዓት ያህል ከከረጢቱ ውኃ ጋራ ማዋሐድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከረጢቱን ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ገንዳው ላይ አንሳፎ ሙቀቱን ካስተካከሉ በኋላ ወዲያው ማዛወር ነው። የመጀመሪያው ለስላሳ ስለሚመስል ብዙዎች ይመርጡታል፤ ይሁን እንጂ ረዥም መንገድ ለመጣ ከረጢት አደጋ አለበት። ዓሣው በታሸገ ውኃ ውስጥ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከማቻል፤ ውኃውም ወደ አሲድነት ያዘነብላል፤ ከቆሻሻው የሚወጣው አሞኒያም በዚህ ጊዜ የሚበዛው መርዝነቱ በቀለለ መልክ ይቆያል። ከረጢቱ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፤ አሲዱም ይቀንሳል፤ ያንጊዜ ተኝቶ የነበረው አሞኒያ ወደ መርዛማ መልኩ ይመለሳል፤ ዓሣውም ጠብታው እስኪያልቅ በዚያው ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ለሩቅ መንገደኛ የሚሻለው የከረጢቱን ውኃ ጨዋማነት ከሻጩ አስቀድሞ ጠይቆ የማቆያውን ገንዳ በዚያው ልክ ማዘጋጀትና ወዲያው ማዛወር ነው፤ ከቅርብ ሱቅ ለመጣው ግን ጠብታው አይጎዳም። በየትኛውም መንገድ ዓሣውን በመረብ ከውኃ ከማውጣት ይልቅ ከነውኃው በጽዋ ቀድቶ ማዛወር፣ የከረጢቱንም ውኃ ወደ ገንዳው አለመጨመር ይገባል።

የተጠረጠረውን ከጤነኛው የመለየት ሕግ ለሰው ልጅ ጥንታዊ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ካህኑ በቆዳው ላይ ምልክት የታየበትን ሰው ሰባት ቀን ዘግቶ ካቆየ በኋላ ዳግመኛ እንዲያየው፣ ቍርጡ ካልታወቀም ሌላ ሰባት ቀን እንዲጨምርበት ታዝዟል፤ የራጉሳ ከተማም በ1377 ቸነፈር ካለበት አገር የሚመጡትን መንገደኞች ወደ ከተማው ከመግባታቸው በፊት ለ30 ቀን በውጭ እንዲቆዩ ደንግጋለች። በዓሣ ዘንድ የቀኑን ቍጥር የሚወስነው የተሐዋሲው ዕድሜ ነው። ለባሕር ዓሦች ነጭ ነጠብጣብ የሚያመጣው ክሪፕቶካርዮን ኢሪታንስ በዓሣው ሥጋ ላይ ከ3 እስከ 7 ቀን ይቆያል፤ ከዚያም ወርዶ በገንዳው ወለል ላይ ራሱን በሽፋን ይዘጋል፤ በዚያም ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 28 ቀን ተባዝቶ ሲወጣ፣ እስከ 72 ቀን የዘገየም ተመዝግቧል፤ የወጣውም ትውልድ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ዓሣ ካላገኘ ይሞታል። ከዚህ የተነሣ ለአዲስ ዓሣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ማቆያ እንደ ደንብ ሲያዝ፣ በሽታ የገባበትን ትልቅ ገንዳ ከዓሣ ባዶ አድርጎ ማቆየት ደግሞ ከሁለት ወር በላይ ይጠይቃል። ብዙ ጀማሪዎች እነዚህን ሁለት ቍጥሮች ያደባልቋቸዋል፤ የመጀመሪያው ዓሣውን የመመልከቻ ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ባዶውን ውኃ የማንጻት ጊዜ ነው።

በዚህ ላይ ተመሥርተው የተነሡት አሳቦች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ጥብቆች ናቸው፤ ዓሣ ሁሉ ሕመም ይዞ እንደሚመጣ ቈጥረው ምልክት ሳይጠብቁ በተራ በተራ መድኃኒት ይሰጡታል። ሁለተኛዎቹ የዚህ ተቃራኒ ናቸው፤ ቧንቧ ዓሣን ባዶ ወለል ባለው ገንዳ መዝጋት በረኃብ መፍረድ ነው ብለው፣ ድንጋዩ ኮፔፖድ ወደ ሞላበትና ብዙ ዘመን ወደ ቆየ ገንዳ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ያስገቡታል። ሦስተኛዎቹ በመካከል ቆመው ዓሣውን ይለያሉ፣ ነገር ግን ዋና ሥራቸውን መመልከትና ማብላት አድርገው መድኃኒቱን ለታየ ደዌ ብቻ ያስቀምጣሉ። የጥብቆቹ አሳብ ለጠንካራ ዓሣ ፍሬ ቢያፈራም፣ ቧንቧ ዓሣ የሚበላው ሕያው ምግብ ራሱ በብዙዎቹ መድኃኒቶች የሚሞት በመሆኑ የዓሣውን ማእድ ከነጭራሹ ያፈርሳል። የሁለተኛዎቹ አሳብ በገንዳው ውስጥ ሌላ ዓሣ ከሌለ ሊረዳ ይችላል፤ ሌላ ዓሣ ካለ ግን የአንዱን ረኃብ ለማስታገስ የሁሉንም ሕይወት ያስይዛል፤ በድንጋይና በኮራል በተሞላ ገንዳ ውስጥ ከዚያ በኋላ ማከም አይቻልምና። ሦስተኛው ከሁለቱም የተሻለ ነው፤ የሚፈልገው ግን ገንዳው ዓሣው ከመገዛቱ በፊት እንዲሰናዳ ነው።

የማቆያው ገንዳ ከ40 እስከ 80 ሊትር ቢይዝ ለአንድ ጥንድ ይበቃል፤ ከዚህ ቢሰፋ የተበተነው ምግብ ይሳሳል፤ ቢጠብብም ውኃው ቶሎ ይበላሻል። ማጣሪያው በአየር ፓምፕ የሚሠራ ስፖንጅ ይሁን፤ ይህም ስፖንጅ ቢያንስ አራት ሳምንት አስቀድሞ በጤነኛ ገንዳ ውስጥ ተቀምጦ አሞኒያን የሚለውጡትን ባክቴርያዎች ሊያፈራ ይገባል፤ አለዚያ ምግብ ደጋግሞ በሚጨመርበት በዚህ ገንዳ ውስጥ ዓሣው በራሱ ቆሻሻ ይመረዛል። የውኃው ሙቀት ለሞቃት ባሕር ዐይነቶች ከ24 እስከ 25 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሞቅ ቪብሪዮና መሰሎቹ ይበረታሉ። ወለሉ ባዶ ሆኖ መጠጊያ የሚሆኑ የፕላስቲክ ቅጠሎችና አጫጭር የውኃ ቧንቧ ቍራጮች ይቀመጡበት፤ የውኃው ፍሰት ይለዝብ፤ የፓምፕ አፍ ሁሉ በስፖንጅ ይሸፈን። መድኃኒት እስካልተጨመረ ድረስ ኮፔፖድ ያደረበት አንድ ሁለት ድንጋይ ማግባት ይጠቅማል፤ መድኃኒት በሚያስፈልግ ጊዜ ግን ድንጋዩ ስለሚመጠው አስቀድሞ ይወጣል። በየዕለቱ ወለሉን በቀጭን ቱቦ መጥረግ፣ ከውኃውም ጥቂቱን መለወጥ፣ አሞኒያውንም መለካት የዚህ ገንዳ ሥርዓተ ጸሎት ነው ቢባል አይበዛም።

ስለ መድኃኒት የሚነገረው ብዙ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን አጭር ነው። መዳብ ለክሪፕቶካርዮን የቈየ መድኃኒት ቢሆንም ይህ ቤተ ሰብ ለመዳብ የሚደነግጥ በመሆኑ ልምድ ያላቸው ሰዎች ይሸሹታል። ሙቀቱና የአሲድ ልኩ ከገንዳው ጋራ በተስተካከለ ጣፋጭ ውኃ ውስጥ ዓሣውን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መንከር በቆዳው ላይ የተጣበቁትን ጠፍጣፋ ትሎች ነጭ አድርጎ ያረግፋቸዋል፤ ዓሣው ከተንፈራገጠ ወይም ከተዘረረ ግን ደቂቃው ሳይሞላ ማውጣት ይገባል። ፕራዚኳንቴልም ለእነዚሁ ትሎች የታወቀ ነው። ፎርማሊን ውጭያዊ ተሐዋስያንን ቢያጠፋም የውኃውን ኦክስጅን ስለሚሻማና ለሰውም መርዝ ስለ ሆነ ብርቱ አየርና ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፀረ ባክቴርያ መድኃኒት በውኃ ሲሰጥ ከደዌው ጋራ የማጣሪያውን ባክቴርያ ይገድላል። ዓሣውን በየ72 ሰዓቱ ወደ ደረቀና ወደ ጸዳ ሌላ ገንዳ እያዛወሩ የክሪፕቶካርዮንን ዙር መስበር መድኃኒት የማይፈልግ ብልሃት ቢሆንም፣ ለዚህ ዓሣ ግን በየሦስት ቀኑ የለመደውን ማእድ ማጣት ይሆንበታል። ስለዚህ ትንፋሹ ያልተፋጠነ፣ አፉ ያልቈሰለ፣ በቆዳውም ምልክት የሌለበት ዓሣ መብላት ሳይጀምር መድኃኒት አይሰጠው፤ ዓይነ ምድሩ ነጭ ክር መሰል ሆኖ እየበላ የሚከሳውን ደግሞ ለውስጥ ትል መጠርጠር ተገቢ ነው።

የምግቡ ነገር ከሁሉ የሰፋ ስለ ሆነ በዚህ ጥቂት እንቈይ። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ለአፉ የሚስማማው ሕያው ኮፔፖድ ነው። ከሚራቡት መካከል ቲስቤ የሚባለው በጣም ደቃቅ ሆኖ በድንጋይና በመስተዋት ላይ ይሳባል፤ ቲግሪዮፐስ ደግሞ እስከ አንድ ሚሊሜትር ከፍ የሚል፣ ቀይ፣ እየተንፈራገጠ የሚዋኝ በመሆኑ የዓሣውን ዐይን ቶሎ ይስባል። ሁለቱም በእንስራ ወይም በባልዲ ውስጥ በለዘበ አየርና በአረንጓዴ የባሕር አልጌ ሊራቡ ይችላሉ፤ ነገር ግን አዝመራቸው ዝግ ያለ ስለ ሆነ ሁለት የተራቡ ዓሦች የአንድ ወር ምርት በጥቂት ቀን ይጨርሳሉ። በዚህም ምክንያት የማእዱ ምሰሶ አርቴሚያ የምትባለው የጨው ሐይቅ ሽሪምፕ ሆናለች፤ ዕንቍላልዋ ደርቆ ለዓመታት ስለሚቀመጥና በአንድ ቀን ስለሚፈለፈል በፈለጉት ሰዓት ሕያው ምግብ ማግኘት ይቻላል። በአሜሪካ አገር በዩታ ክፍለ ግዛት ያለው ትልቁ የጨው ሐይቅ የዚህች ዕንቍላል ከታወቁት ምንጮች አንዱ ነው።

የአርቴሚያ አፈላፈል ቀላል ቢሆንም ሥርዓት አለው። የላስቲክ ጠርሙስ ቂጡ ተቈርጦ ባፉ ይተከላል፤ በአንድ ሊትር ውኃ 25 ግራም ያህል ጨው ይሟሟበታል፤ ከአንድ እስከ ሁለት ግራም ዕንቍላል ይጨመርበታል፤ ከታች ብርቱ አየር ይነፋበታል፤ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀትና ብርሃን ካገኘ በ24 ሰዓት ገደማ ውኃው ብርቱካንማ ይሆናል። አየሩ ተዘግቶ ለአሥር ደቂቃ ሲረጋ ባዶው ቅርፊት ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ያልተፈለፈለው ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ከጠርሙሱ በታች መብራት ሲያበሩበት ሕያዋኑ ወደ ብርሃኑ ይሰበሰባሉና በቀጭን ቱቦ ስቦ በጨርቅ ማጥለል ነው። ቅርፊቱ ወደ ገንዳው እንዳይገባ መጠንቀቅ ይገባል፤ የዓሣውን አንጀት ይዘጋልና። አዲስ የተፈለፈለችው አርቴሚያ የእናትዋን ስንቅ ይዛ ስለምትወለድ በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ጥሩ ምግብ ናት፤ ከዚያ በኋላ ግን ስንቅዋን ስለምትጨርስ ጥቅምዋ ይቀንሳል። አፍዋ የሚከፈተው ከተፈለፈለች ከ8 እስከ 12 ሰዓት በኋላ ቆዳዋን ስትለውጥ ነውና፣ ያንጊዜ የዓሣ ዘይት የተዋሐደበትን ማበልጸጊያ ለግማሽ ወይም ለአንድ ሙሉ ቀን አብልቶ ለዓሣው መስጠት ይገባል። ሳትበለጽግ ብቻዋን ለወራት የተሰጠች አርቴሚያ ሆድ ትሞላለች እንጂ ሥጋ አትሠራም፤ ብዙ ዓሦች እየበሉ የሞቱት በዚህ ስሕተት ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ከፍሪዘር የሚወጣውን ምግብ ማስለመድ ነው፤ ሕያው ምግብ ለዕድሜ ልክ ማራባት ለብዙ ቤት ከባድ ነውና። ለዚህም ችኮላ አይጠቅምም። ዓሣው ሕያዋን አርቴሚያዎችን በድፍረት መልቀም ከጀመረ በኋላ በዚያው ሰዓትና በዚያው ስፍራ፣ ጥቂት የደቀቀ ማይሲስ ወይም ኮፔፖድ ከሕያዋኑ ጋራ ተደባልቆ ይቀርባል። ምግቡ በጣፋጭ ውኃ ታጥቦ ጭማቂው መወገድ አለበት፤ ውኃውን የሚያበላሸው እርሱ ነውና። ፍሰቱ የሞተውን ምግብ ቀስ አድርጎ እንዲያንሳፍፈው የአየሩ አረፋ ይስተካከላል፤ ዓሣው የሚመታው የሚንቀሳቀሰውን ነውና የተንሳፈፈው ማይሲስ ሕያው መስሎ ይታየዋል። መጀመሪያ ስቦ መልሶ ይተፋዋል፤ ይህ ተስፋ የሚያስቈርጥ አይደለም፤ የሚተፋ ዓሣ መቅመስ ጀምሯል። የሕያዋኑ ድርሻ በየጥቂት ቀኑ እየቀነሰ የፍሪዘሩ ድርሻ ሲጨምር ብዙዎቹ በሳምንታት ውስጥ ይለምዳሉ። ምግቡ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይሰጥ፤ የተረፈውም የሞተ ምግብ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይወገድ።

በዚህ ረገድ ዐይነቶቹ አንድ አይደሉም፤ የገዥው ምርጫም የሥራውን ግማሽ ይወስናል። ዶሪራምፈስ የሚባሉት፣ ለምሳሌ ከቀይ ባሕርና ከምሥራቅ አፍሪካ ጀምሮ እስከ አሜሪካ የፓስፊክ ዳርቻ የሚገኘውና ቁመቱ 7 ሴንቲ ሜትር የማያልፈው ባለ ሰማያዊ መስመሩ ዓሣ፣ በዋሻ ጣራ ሥር እየተንሳፈፉ የሚዋኙ ስለ ሆኑ በውኃ መካከል የሚያልፈውን የሞተ ምግብ ቶሎ ይለምዳሉ፤ ከሌሎች ዓሦች ገላ ላይ ተባይ የሚለቅሙም አሉባቸው። ዱንከሮካምፐስ የሚባሉት ባለ ቀለበት ዓሦች እስከ 19 ሴንቲ ሜትር ይረዝማሉ፤ ለመብላት ደግሞ ጥቂት ይግደረደራሉ። ሩፔል ከገለጸው ወገን የሆኑት ኮሪቶይክቲሶች ግን በወለል ላይ እየተሳቡ ከድንጋይና ከአሸዋ መልቀም የለመዱ ናቸውና በውኃ የሚንሳፈፈውን ብዙ ጊዜ አይመለከቱም፤ ለነርሱ ምግቡን በረዥም መጭመቂያ ወደ ወለል ማድረስ፣ ኮፔፖድ ያደረበትንም ድንጋይ በየሳምንቱ መለዋወጥ ያስፈልጋል። ከነዚህም ወገን የተጠኑት ባልና ሚስት ሆነው በየማለዳው የሚገናኙ መሆናቸው የታወቀ ስለ ሆነ በጥንድ መግዛቱ ይመረጣል፤ ሁለት ወንድ ዶሪራምፈስ ግን በጠባብ ገንዳ አይስማሙም።

ይህን ሁሉ መዝነን ወደ ፍርዱ ስንደርስ፣ መለየት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ ራሱ በትክክል ያልተጠየቀ ሆኖ እናገኘዋለን። መለየት ይገባል፤ ነገር ግን የሚለይበት ገንዳ ከሐኪም ቤትነቱ አስቀድሞ ማእድ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ማብላት ብቻ ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው እያበሉ ምልክት መመልከት፣ የታየውንም ደዌ ለይቶ ማከም ነው፤ አራተኛው ከፍሪዘር የወጣውን ማስለመድና ክብደቱን ማስመለስ ነው። ስድስት ሳምንት ሲሞላ ወደ ትልቁ ገንዳ የሚገባው ቀኑን የጨረሰ ዓሣ ሁሉ ሳይሆን፣ ሆዱ የሞላ፣ ቆዳው የጠራ፣ የቀረበለትንም ምግብ ፈጥኖ የሚመታ ዓሣ ብቻ ነው፤ ይህን ያላሟላው ይቆይ። ከዚህም የሚከተለው የዳሰሳችን ማጠቃለያ ለገዥው የሚከብድ ቢሆንም እውነት ነው፤ ቧንቧ ዓሣ የሚገዛበት ትክክለኛ ቀን ዓሣው ሱቅ የገባበት ቀን ሳይሆን፣ የአርቴሚያው ጠርሙስ በቤት ውስጥ መፈልፈል የጀመረበት፣ የኮፔፖዱ ባልዲ የሞላበት፣ ስፖንጁም ባክቴርያውን ያፈራበት ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ገንዘቡን በኪሱ ያቆየ ሰው ለዓሣው የመጀመሪያውን ውለታ ውሎለታል።